የዝግጁዎቹ ዝውውር

ቦንጋ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወልዴ፣

እንዴት ነህ? ደሴ ብርዱ ገብቶ ይሆናል። እዚህ ዝናቡ አልተወንም።

ዛሬ ቢሮ ያየሁትን ለማን ልንገር? መምህርት ወለተሥላሴን አታውቃቸውም። አምና ከዋጫ ወደ ቦንጋ ሲዛወሩ የዋጫው የመምህራን ዳታቤዝ ስማቸውን ሰረዘ፤ የእኛው ሳይመዘግባቸው መብራት ሄደ። ሦስት ወር የትም አልነበሩም። መጥተው ፊቴ ቆሙ። «አንቺ ልጅ፣ እኔን ታዪኛለሽ? ኮምፒውተሩ አላየሁዎትም አለኝ።» ሁሉም ሳቀ። እኔ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ባልደረባዬ ከሀምዛ ጋር፣ ሁለቱን ዳታቤዞች የሚያገናኘውን የጃቫ ሰርቨር እንደ አዲስ አዋቀርነው። አሁን መሃል ቆሞ ሁለቱንም ዳታቤዝ ይጠይቃል፦ ዝግጁ ነህ? ዝግጁ ያለ ቃሉን ጽፎ ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ በራሱ ሐሳብ አይለውጥም። ሁለቱም ዝግጁ ካሉ «አጽኑት» ይላቸዋል። አንዱ እንቢ ካለ ሁለቱም ምንም እንዳልተነካ ይመለሳሉ።

ዛሬ ጠዋት የሌላ መምህር ዝውውር ነበር። ዋጫ፣ ዝግጁ። ቦንጋ፣ ዝግጁ። ሰርቨሩ ውሳኔውን በራሱ መዝገብ ላይ ጻፈ፤ ለሁለቱ ሳይነግራቸው ጠፋ።

«መምህሩ መንገድ ላይ ቀረ» አለ ሀምዛ። «መሃል መንገድ፣ ሺሺንዳ ወርዶ ሻይ እየጠጣ ነው በያቸው።»

አልሳቅሁም። አርባ ደቂቃ። ሁለቱም ዳታቤዞች የመምህሩን ስም ይዘው፣ ሳይለቁት፣ ሳያጸኑት፣ ቃል ይጠብቃሉ።

ሰርቨሩ ተነሣ። ማንም አልነካውም። ከመጥፋቱ በፊት የጻፈውን አነበበና «አጽኑት» አለ። ስሙ ከዋጫ ወጣ፤ ቦንጋ ገባ። ይህን እኛ ነን የሠራነው? ወድቆ የተነሣ ነገር ቃሉን አልረሳም።

ወልዴ፣ ደሴ አብረን ለመኖር በስልክ «ዝግጁ ነኝ» ከተባባልን ስምንት ወር ሆነ። እኔ መልቀቂያ እስካስገባ አንተ ቤት አትከራይም። አንተ ቤት እስክትከራይ እኔ መልቀቂያ አላስገባም። ቀድሞ የለቀቀ የትም እንዳይቀር። በመሃላችን የሚጠይቀን የለም። ደግሞ አንዳንዴ፣ ድምፅህን ስሰማ፣ የሚጠይቀን ባይኖር ይሻለናል እላለሁ።

ከምሳ በኋላ መልቀቂያዬን አስገባሁ። የክፍል ኃላፊው «ባለቤትሽ ቤት አገኘ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

መልስህ ባይደርሰኝም እመጣለሁ። ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ የምትገባበትን ደጅ ሁሉ አምላክ ሰላም ያድርግልህ።

ሚስትህ
አብርሆት