ብሩክ ይቆምበት የነበረው ቦታ

ሐሙስ

አልሄድም ብዬ ነበር። የቤተሰባችን ወዳጅ እትዬ ዘነቡ "አትሄዱም" ስላሉ ግን እንሄዳለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ብሩክ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሠራበት የነበረው የጃፓኖች ገበያ በየዓመቱ ፓርኪንጉ ላይ የምግብ ፌስቲቫል ያደርጋል። ዘንድሮ ተራው የሆካይዶ ነው፣ የጃፓን ሰሜን፣ ብርዳም አገር። ብሩክ ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳ ጠባሽ ነበር። አለቃው ሚስተር ኦካ ትናንት ደውሎ "ቅዳሜ ሁላችሁም እንግዶቼ ናችሁ" አለ። ተርጓሚው እኔ ነኝ። እማዬ ብሩክ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ "እሺ" እና "እንቢ" ብቻ ነው የምትለው። እሷ ናት "የሚቆምበትን ቦታ አላየሁም" ያለችው።

በቃ። ለእኔ አለቀ፣ እንሄዳለን።

እትዬ ዘነቡ ዛሬ ሊጠይቁን መጥተው ሰሙ። "አርባው በወጣ በሳምንቱ ድግስ? ከል ለብሳ? ፌርፋክስ ሰፈር ያለው ሐበሻ ምን ይላል?"

ያሻውን ይበል!

ዓርብ

ትምህርት ቤት ጢሜ ላይ ተሳቀ። "ፍየል" አሉኝ። እውነት ነው፣ ሲያዩት ያስቃል፣ እዚህም እዚያም ነው የበቀለው። ግን አልላጭም። ሐዘን ነው ብዬም አላስረዳቸውም።

እስካሁን መጻፍ ያቃተኝ ነገር፦ የልቅሶው ቀን እማዬ ገና ሙሾ ስትጀምር የአፓርታማው ማናጀር በራችንን ደበደበ። እኛ ሰፈር፣ ፓልምስ ውስጥ፣ የአፓርታማ ግድግዳ ካርቶን ነው። "ጎረቤት ፖሊስ ሊጠራ ነው" አለ። ትልልቆቹ ሁሉ ዞረው እሷን "በቃ፣ በቃ" አሏት። እትዬ ዘነቡ በነጠላ አፏን ያዙት። ዝም አለች። እስከ ዛሬ ዝም።

አባዬ አንዴ ነግሮኛል። አዲስ አበባ፣ በቀይ ሽብር ወንድሟ ሲገደልም ቀበሌው እንዳታለቅስ ከልክሏት ነበር። እና ይሄ ሁለተኛ ክልከላዋ ነው። እዚያ ጠመንጃ፣ እዚህ ማናጀር።

እንዲህ ዝም እንዳለች ትቀራለች ብዬ እፈራለሁ።

ቅዳሜ



አባዬ ሱፉን ለበሰ። ታናሽ እህቴ ቤዛ ከመኪና ሳትወርድ "ራበኝ" አለች። ፓርኪንጉ በሰው ሞልቷል። በቅቤ የተጠበሰ በቆሎ፣ ድንች፣ ከቤዛ ፊት የሚበልጥ ሸርጣን፣ ሩዝ ላይ የተጋደመ ጥሬ ሳልመን ዓሣ። አባዬ ሳልመኑን አይቶ አማተበ።

"ጥሬ ሥጋ ትበላ የለ እንዴ?" አለችው ቤዛ።

"ያ ሥጋ ነው። ይሄ ገና ይዋኛል።"

እኔ ሳቅኩ፣ ወዲያው ደግሞ በመሳቄ ተናደድኩ።

ሚስተር ኦካ ጨርቅ ግንባሩ ላይ አስሮ ከስኩዊዱ ድንኳን ወጣ፣ ለእማዬ ጎንበስ አለ። እሷም ጎንበስ አለች። "የቱ ጋ ነው?" አለችኝ። ጠየቅኩላት። ከሰሉ አጠገብ፣ በግራ በኩል። አሁን ሌላ ልጅ ቆሞበታል። ልጁ ገብቶት ገለል አለ።

እማዬ ገብታ እዚያ ቆመች። የጠረጴዛውን ጠርዝ በእጇ ዳሰሰች።

በዚያው ሰዓት መድረኩ ላይ ከበሮ ተጀመረ። በርሜል የሚያክል ከበሮ፣ በዱላ የሚመታ። አስፋልቱ በጫማዬ በኩል ይሰማኛል። እማዬ ቀና አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ደረቷን በከበሮው ምት መታችና ሙሾውን አወረደችው፦

ሥራ ላይ ነኝ ብሎኝ ሳላየው ሰንብቼ፣
ዛሬ አጣሁት ልጄን ቦታው ድረስ መጥቼ።

ሌላም ብዙ አለች። ይሄን ብቻ ነው የያዝኩት። ወረፋ የያዙት ሰዎች ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የጥበቃ ሰው መጣና፣ እናትህ ደህና ናት ወይ፣ ወደ ዳር ውሰዳት አለኝ። ፊቱ ቆምኩ። "ደህና ናት። ወንድሜ እዚህ ይሠራ ነበር፣ ሞቷል። ስትጨርስ ትወጣለች" አልኩት። ከእኔ በጣም ይረዝማል። ንቅንቅ አላልኩም።

ከዚያ ከበሮው ድንገት ቆመ። የእሷ ድምፅ ብቻ ቀረ። ፓርኪንጉ በሙሉ ዞሮ አየን። አባዬ ክንዷን ያዘና "በቃ፣ በቃ እንግዲህ" አላት።

"አይበቃም!" አልኩ። በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ በአባቴ ላይ። እንደሚመታኝ ጠብቄ ነበር። አየኝ፣ አየኝና ክንዷን ለቀቀ። ከዚያ እሱም አለቀሰ። ሱፍ ለብሶ፣ ስኩዊድ መሀል።

ራሷ ስትጨርስ ነው ያቆመችው። ሚስተር ኦካ ወንበር አመጣላት፣ ከዚያ ስኩዊድ በእንጨት ሰክቶ ሰጣት። ቀመሰችው፣ አኘከችው። "ጨው አንሶታል" አለች።

አልተረጎምኩም።

እሑድ

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ፌርፋክስ ደርሷል። እትዬ ዘነቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጡ። "ሰው በሚበላበት መሀል? ለጃፓን?" እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፣ አባዬ ቀደመኝ።

"እትዬ ዘነቡ፣ ቤቷ ውስጥ ከለከልናት። እርስዎም፣ እኔም። የት ሄዳ ታልቅስ?"

እሳቸው "ሙሾውን ማን ተቀበላት?" ብለው ጠየቁ። ማንም፣ አልኳቸው። ከበሮው ብቻ። "ብቻዋን!" አሉና እሳቸውም እንባቸው መጣ። ይቅርታ አልጠየቁም። እኔም አልፈለግኩም።

ሰኞ

እማዬ ድምፅዋ ተዘግቷል፣ ሻካራ ሆኗል። ሌሊቱን ተኝታ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ጠዋት የብሩክን አልጋ አነጠፈች፣ ከዚያ እላዩ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ስለዚህ ዳነች ብዬ አልጽፍም።

ግን አሁን ከኩሽና እየጠራችኝ ነው። በሙሉ ስሜ። ተቆጥታለች፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ደግማ ጠራችኝ፣ ከፊተኛው አስበልጣ። ትጩህ። አንዴ ደግማ እስክትጠራኝ ድረስ አልነሳም።