አራት መቶ ሜትር

ለእህቴ፣ ለእህትዓለሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት እንደ ልማድሽ መሳቢያ ውስጥ ከተሽ «ተሻለኝ» እያልሽ እንዳይሆን። ልጅሽስ ደህና ናት? እኔ ከዓይኔ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን በእጄ የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ሦስቴም ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይተሳሰራል።

መቼም ወሬው ደርሶሻል። መሥሪያ ቤታችን የድንጋይ ናሙና መጋዘኑን በስሜ ሊሰይመው ነበር። «ነበር» ያልኩበትን ምክንያት እነግርሻለሁ፤ ታገሽኝ። ዳይሬክተሩ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ምድርን ያጠና ሰው፣ የአገሪቱን ግማሽ ካርታ በእግሩ የሠራ ሰው እያለ ሲያሞካሸኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። የሱፌን ሱሪ ለልብስ ሰፊ ሰጥቼ ወገቡን አሰፋሁት። ባለቤትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው መጋዘን ውስጥ ድንጋይ ላይ ቁጥር ሲለጥፍ እንደኖረ ትዝ ያለኝ ልብስ ሰፊው ቤት ቆሜ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም ብል ውሸት ይሆናል። በልቻለሁ፤ ግን አልጣመኝም።

ስለ ሥራችን አንድ ነገር ላስታውስሽ። ምድር የተሰነጠቀችበትን ቦታ ካርታ ላይ ስናሰፍር፣ በእግራችን ሄደን በዓይናችን ያየነውን ባልተቆረጠ መስመር እናሰምራለን፤ የገመትነውን ደግሞ በተቆራረጠ መስመር። ጀማሪዎቹን ሳስተምር ጠረጴዛ እየደበደብኩ፣ ያልረገጣችሁት መሬት ላይ ሙሉ መስመር ካሰመራችሁ ጂኦሎጂስት ሳትሆኑ ጠንቋይ ናችሁ እላቸው ነበር።

ጠንቋዩ እኔ ነበርኩ። ያኔ ካርታው ማተሚያ ቤት ሊገባ አምስት ቀን ቀርቶት የመጨረሻውን ሸለቆ ገና አላየሁትም። የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ በሲባጎ አስሬዋለሁ፤ ዝናቡም አላባራ ብሏል። ከመኪናው ሳልወርድ፣ ከወዲያ ማዶ ያየሁትን ስንጥቅ ማስመሪያ አስደግፌ ሸለቆውን አሻገርኩት። በሙሉ መስመር። ቢሮ ስመለስም አላረምኩትም፤ ማን ያውቅብኛል አልኩ።

በሦስተኛው ዓመት የሸለቆው ሰዎች የውሃ ጉድጓድ ጠየቁ። ውሃ እንዲህ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ይጠራቀማልና ቁፋሮው በእኔ መስመር ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ችካሉን የተከልኩት እኔ ራሴ ነኝ። ባለቤትሽ መቆፈሪያ ማሽኑን ችካሉ ላይ ሲያቆም አጠገቡ ነበርኩ። እኔ ወደ ከተማ ተመለስኩ፤ እሱ መቶ አርባ ሜትር ወርዶ ደረቅ የድንጋይ ዱቄት አወጣ። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ሦስት ቀን ማሽኑ ዙሪያ ተቀምጠው እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ኮሚቴ ተቋቋመ። የቁፋሮው መዝገብ ሲነበብ፣ ማሽኑ በስህተት ከችካሉ አራት መቶ ሜትር ወደ ምዕራብ ርቆ ነው የቆመው ይላል። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ባለቤትሽን ባየው መሬት መሬቱን ያያል። ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። እኔም፣ ከሄድኩ በኋላ አዛውረውት ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴም ለማመን ጊዜ አልፈጀበትም። በወሩ እኔ የካርታ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ፤ እሱ ከማሽኑ ወርዶ መጋዘን ገባ።

ቅጽል ስሙን ታውቂዋለሽ። አራት መቶ አሉት። አራት መቶ መጣ፣ ለአራት መቶ ወንበር ስጡት፣ ግን አጠገቡ አድርጉለት፣ አለዚያ ይስተዋል እያሉ ሲቀልዱበት አብሯቸው ይስቅ ነበር። እኔስ? አንድ እሑድ ቤትሽ ምሳ ላይ ጨው አቀብለኝ ስለው እጁ ብርጭቆ ገለበጠ። አራት መቶ ሜትር ሳትከው አልኩት፤ በልጃችሁ ፊት። እሱ ሳቀ። አንቺ ተነስተሽ ጓዳ ገባሽ። መወልወያ ልታመጪ መስሎኝ ነበር። ይኼው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያን ምሳ ባስታወስኩ ቁጥር ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴን እሸፍናለሁ።

ከዓመታት በኋላ ሌሎች መጥተው ከመስመሬ ስድስት መቶ ሜትር ወደ ምሥራቅ ቆፈሩና ውሃ አወጡ። ያኔም ሰምቼ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ለምረቃው የሚታዩ የቆዩ ወረቀቶች ስመርጥ ያ መዝገብ እጄ ገባ። ሲነበብ ሰምቼዋለሁ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ከግርጌው የባለቤትሽ ፊርማ አለ፤ ያ ትልቁ፣ ከመስመር የሚያመልጠው። ከፊርማው በላይ ያለውን ጽሑፍ ግን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ብዙ ቆየሁበት። አባታችን የሞተ ጊዜ እጅሽን በእጄ ይዤ ጽሕፈት ያስተማርኩሽ ትዝ ይልሻል? «መ»ን ስትጽፊ ሁለቱን ክቦች አታገጥሚያቸውም ነበር፤ ስንት ጊዜ ተቆጣሁሽ። በዚያ ገጽ ላይ «ሜትር» የሚል ቃል አምስት ቦታ አለ፤ አምስቱም ላይ ክቦቹ አልገጠሙም። ያኔ እሱና አንቺ ቁጭ ብላችሁ ምን እንደተባባላችሁ አልጠይቅሽም። ለመጠየቅ ፊት የለኝም።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ማሽኑ ችካሉ ላይ እንደነበር፣ ችካሉን እኔ እንደተከልኩ፣ መስመሩን ከመኪና ሳልወርድ እንዳሰመርኩት። እንግዶች ተጠርተዋል፣ ሰሌዳው ተቀርጿል፣ ያለፈውን ምን አስቆፈረዎት አለኝ። ሰሌዳውን አውርዱት አልኩና ከካርታው ጋር የሚቀመጥ የማረሚያ ደብዳቤ ፈርሜ ሰጠሁት። የመጀመሪያው መስመር ባለቤትሽን በሙሉ ስሙ ጠርቶ ጥፋት እንዳልነበረበት ይናገራል። ቅጂውን አያይዤዋለሁ፤ ለልጅሽ ስጫት። እሱ ሳያነበው መሞቱ ግን የእኔ ሥራ ነው፤ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አጠገቤ በነበረበት ዘመን ሁሉ ስቀልድበት ኖሬያለሁ።

ልወጣ ስል ዳይሬክተሩ መዝገቡን አንስቶ፣ ይህ ጽሑፍ ከፊርማው ጋር አይመሳሰልም፣ የማን እጅ ነው ብሎ ጠየቀኝ። መነጽሬን አድርጌ፣ ወረቀቱን ተቀብዬ፣ ደህና አድርጌ አየሁት። አላውቀውም አልኩ። ይህን አላርመውም።

የእሱን ነፍስ በደጉ ቦታ ያኑርልሽ። አንቺንም ዕድሜና ጤና አይንሳብኝ፤ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ልምጣ ካልሽኝ እመጣለሁ፤ ዝም ካልሽም ይገባኛል።

ወንድምሽ