«ጥቂት ቦታዎች» ጭላሎ ላይ ስለ መገኘቱ

ለተከበሩ አቶ ሙሉብርሃን
የደጋና ቆላ የተራራ ጉዞ የአየር ጠባይ መረጃ ማዕከል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የአዳማ የቅዳሜ እግረኞች፣ ጆሯችን ከመላጡና አፍንጫችን አልዘጋ ከማለቱ በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ለእርስዎም ቢሮዎ ፀሐይ እንዳይጎድለው፣ ሻይዎም እጅዎ ላይ እንዳለ እንዳይቀዘቅዝ ከልብ እንመኛለን፤ የቀዘቀዘ ሻይ ምን እንደሚመስል ሰሞኑን በሚገባ ተረድተናልና።

እኔ በአዳማ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ስሆን፣ ሳምንቱን ሙሉ በሙቀት ስንቀቀል ከምንከርም ጥቂት ወዳጆቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ እወጣለሁ። በቅርባችን ያለውን የቦሰት ተራራ ስለለመድነው ዘንድሮ በታኅሣሥ የአርሲውን ጭላሎን እንሞክር ተባባልን። ሕግ አክባሪዎች ነንና ከመነሳታችን በፊት ማዕከልዎ በቴሌግራም የሚልከውን መግለጫ አነበብን። እንዲህ ይላል፦ «የበጋው ደረቅና ፀሐያማ የአየር ጠባይ በአመዛኙ ይቀጥላል፤ በጥቂት ቦታዎች ላይ ጠንካራ ነፋስ፣ ጉምና ውርጭ ሊኖር ይችላል።» ደስ ብሎን ተነሳን። እንደሚያውቁት ለአዳማ ሰው «ጥቂት ቦታዎች» ማለት ሁልጊዜ የሌላ ሰው አገር ነው፤ በጥቂት ቦታዎች ይዘንባል ከተባለ የሚዘንበው ሞጆ ነው። ስለሆነም የሚከተለውን ምስጋናችንን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

አንደኛ፣ «በጋ» ስላሉን እናመሰግናለን። በእኛ ከተማ ደንብ በጋ እግር አየር የሚያገኝበት ወቅት በመሆኑ፣ ልብስ ሰፊው ጓዳችን ሰዓድ ራሱ የሰፋውን ቁምጣ ለብሶ፣ ነጠላ ጫማ አጥልቆ መጣ። ማለዳ ተራራው ወገብ ላይ ስንደርስ ሣሩ ነጭ ሆኖ ቢያገኘው ጨው የተደፋ መስሎት ሊቀምስ ጎንበስ ብሏል። ውርጭ መሆኑን የነገረችው ምላሱ ናት።

ሁለተኛ፣ ስልክ ስላነሱልን እናመሰግናለን። ከፍ ስንል ነፋሱ ጉሙን እየነዳ መጥቶ የምንረግጠውን ሲሸፍንብን፣ አስታ ቁጥቋጦ ሥር ተከማችተን ወደ ማዕከልዎ ደወልኩ፤ እርስዎም ሳይሰለቹ አነሱት። መግለጫው ላይ ያሉት ጥቂት ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑ በትሕትና ስጠይቅ፣ ጥቂት ቦታዎች ማለት ቁጥራቸው ጥቂት የሆነ ቦታዎች መሆናቸውን በሰፊው አስረዱኝ። ለዝርዝሩ የሚቀጥለውን መግለጫ እንድጠብቅ ሲመክሩኝ ኔትወርኩ አፍሮ ተቋረጠ።

ሦስተኛው ላይ፣ ክቡርነትዎ፣ ቀልዴን ለአፍታ ላስቀምጥ። ጡረታ የወጡት ነርሳችን ሲስተር ጂቱ ሲንቀጠቀጡ ቆይተው ድንገት ተዉት። እኛ አላዋቂዎቹ ተሻላቸው ብለን ደስ አለን። ቀጥለው ሞቀኝ ብለው ሹራባቸውን ሊያወልቁ ሲታገሉ፣ ምላሳቸውም ሲተሳሰር ግን ብርዱ አእምሯቸው ድረስ መዝለቁ ገብቶኝ ፈራሁ፤ ለልጆቻቸው ምን ብዬ እንደምነግር ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር። ፈረሶቿን ፍለጋ የወጣች ገላኔ የምትባል የዚያው አገር ሴት ባታገኘን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ይሆን ነበር። ቤቷ ወስዳ በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ትኩስ ወተት አጠጣቻቸው። ሲስተር ጂቱ ከሰዓት በኋላ እኛን መቆጣት ሲጀምሩ መዳናቸውን አወቅን።

እሳቱ ዳር ሆነን መግለጫዎን በምችላት ኦሮምኛ ለገላኔ ተረጎምኩላት። ለካ እሷም ታውቀው ኖሯል። በልጇ ስልክ በየሳምንቱ እያስነበበች ትሰማዋለች፤ ያን ሌሊት ድንቿን ውርጭ የመታባት ደግሞ «ጥቂት ቦታዎች» የሚባለው አገር ወደ አዳማ ግድም የሚገኝ ስለመሰላት ነው። እንዲህ ቆላውም ደጋውም እርስ በርሱ ውርጭ እየተመራረቀ፣ ማዕከልዎ ግን አንድም ቀን ሳይሳሳት እዚህ ደርሷል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጄ ኢሕሳን የምትማርበት ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ በመጪው ቅዳሜ ጭላሎ ይወጣል። መግለጫዎ ዛሬ ጠዋት ደርሶናል፤ ያው ዓረፍተ ነገር ነው፣ «ጥቂት ቦታዎች»ም አልቀሩ። የክበቡ አስተማሪ አንብባው ፀሐዩ ስለሚከር ልጆች ኮፍያ እንዲይዙ ለወላጆች አሳስባለች። ያየሁትን ሁሉ ብነግራት፣ መረጃ የምትቀበለው ከሚመለከተው አካል እንጂ ከመለዋወጫ ነጋዴ አለመሆኑን በአክብሮት ገለጸችልኝ። የሚመለከተው አካል እርስዎ ነዎት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ «ጥቂት ቦታዎች» የሚለውን ሰርዘው «ጭላሎ» ብለው ይጻፉልን። ሦስት ፊደል ብቻ ናት፤ ከተሰረዘው አንፃር ለማዕከልዎ ቀለም ታተርፋለች።

በአመዛኙ ጤናማና ፀሐያማ ዘመን እየተመኘሁልዎ፣ ገና ባልሞቀ እጄ የፈረምኩ

የማዕከልዎ ታማኝ አንባቢ
አብዱናሲር
ከአዳማ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላደርስዎ ማዕከልዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ዘበኛው ለመስክ ሥራ መውጣትዎን ነገረኝ፤ ወዴት እንደሆነ ስጠይቀው ወደ ጥቂት ቦታዎች መሆኑን አረጋገጠልኝ። እዚያ ይበርዳልና ቅዳሜ ልጄ ጭላሎ ስትመጣ አንድ ትርፍ ጋቢ አስይዤልዎታለሁ። ለሌሎቹ ልጆች የሚሆን ግን የለኝም፤ የእነሱ ጋቢ እርስዎ ጋ ያለችው ያቺ ሦስት ፊደል ናት።