የስ ያልኳት ቀን

ማክሰኞ፣ መስከረም 6

የዩኒፎርም ወር። እግሬ ከስፌት መኪናው አልወረደም። ሰልማ እንደ ልማዷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር፣ ስልኬን ታቅፋ። አራት ዓመቷ ነው። ስልክ ባልሰጣት ወይ መቀሱን ወይ ካውያውን ትነካብኛለች። እናቷ ኢልሃም ወረዳ መዝገብ ቤት ውላ እስከ አስራ አንድ ተኩል አትመጣም። ሌላ ምን ላድርግ?

እትዬ የማርያምወርቅ ለልጅ ልጃቸው ያሰፉትን ሊወስዱ መጥተው ሰሟት። ከስልኩ የለመደችውን እንግሊዝኛ ታንበለብለዋለች። "ጁነይድ፣ ፈረንጅ ነው እንዴ የወለድከው?" አሉኝ። ደረቴ ተነፋ፣ አልዋሽም። እኔ "የስ" እና "ጉድ" ነው የማውቀው። ስታወራኝ በየመሃሉ ጣል አደርግላታለሁ... ደስ ይላታል።

ዓርብ፣ መስከረም 9

ኢልሃም፦ "አማርኛ እኮ አታወራም። ውሃ ስትፈልግ እንኳ..."

"ትደርስበታለች፣ የት ይሄዳል" አልኩ። ዓይኔን ስልኬ ላይ ከማየው ኳስ ሳላነሳ።

ረቡዕ፣ መስከረም 14

መጻፉ ያሳፍራል። ቢሆንም ልጻፈው።

ጠዋት እግሬ ስር መጥታ የሆነ ነገር አለችኝ። ሰባት ቀሚስ ለነገ ይደርሳል ብያለሁ። "የስ" አልኳት። ቆይታ ያንኑ ደገመችው። "የስ፣ ጉድ።" ምሳ አልበላም አለች። ስልኩን ሰጠኋት፣ ገፋችው። ሰልማ ስልክ ስትገፋ! ያን ጊዜ እንኳ አልነቃሁም።

ከሰዓት ግንባሯ እሳት ሆነ። እያለቀሰች ያንኑ ቃል ትደጋግማለች። የገዛ ልጄ ምን እንደምትለኝ አላውቅም። አቅፌያት ጎረቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጥኩ። የባለቤቱ ልጅ ባርኮት አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ጎንበስ ብላ ሰማቻት።

"ጋሽ ጁነይድ፣ ጆሮዋን ነው የሚያማት።" ቀና ብላ አየችኝና፣ "ለአባ ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሎኛል ነው የምትለው።"

ክሊኒክ ወሰድኳት። መግሏል አሉ። መድኃኒት ሰጧት፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ለልጄ አስተርጓሚ... በራሴ አፈርኩ።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ኢልሃም አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እኔስ ወጥ እስክሠራ ስልኬን አይደል የምሰጣት?" አለች። ሁለታችንም አለቀስን።

ተስማማን። ትልቁን ስልክ ጠዋት ኢልሃም ይዛው ትሄዳለች፣ እኔ ጋ የድሮው ባለ ቁልፍ ስልክ ይቀራል። ለሰልማ ቅዳሜ ብቻ ግማሽ ሰዓት፣ ያውም አብረናት ተቀምጠን።

"ኳስህስ?" አለችኝ።

"እሱም።" ዋጥኩት።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ጩኸት። የገባ ደንበኛ ሁሉ "ምን አድርገሃት ነው?" ይለኛል። ሁለት ጊዜ ኢልሃም ጋ ደውዬ ስልኩን ላኪልኝ ልል ነበር... መቀሱን ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ካውያውን ወደ ጓሮ አወጣሁ። ይሄን ድሮ ማድረግ ያቃተኝ ምን ሆኜ ነው?

ሐሙስ፣ መስከረም 22

የልብስ ቁልፍ ያለበትን ጣሳ ሰጠኋት። በየቀለሙ ትለያለች። እኔ "ቀይ" ስል እሷ "ሬድ"። ትስቅብኛለች።

ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን በጣቴ ነካ አድርጌ "ያምሻል?" እላታለሁ። ራሷን ትወዘውዛለች። ድና እንኳ መጠየቁን መተው አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የስልክ ቀን። ሦስታችን ተጠጋግተን አየን። ኢልሃም "ጥንቸሏ ለምን አለቀሰች?" ትላታለች። ልጄ ምን ስታይ እንደምትውል ዛሬ ገና አየሁ። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ተነጫነጨች። አልተሸነፍንም... እሺ፣ ትንሽ ተሸነፍን። አምስት ደቂቃ ጨመርን።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

እንጦጦ ወጣን። ባህር ዛፉ መሃል እንጨት የተጫነ አህያ ቆሟል። እጄን ጎተተችኝ።

"አባ፣ ይሄ ምንድነው?"

በአማርኛ! "አህያ" አልኳት። እስከ ኪዳነ ምሕረት መታጠፊያ "አህያ! አህያ!" እያለች እጄን ይዛ ስትሄድ ሰው ዞሮ ያየኛል፣ እኔን የምትጠራ መስሎት። ወላሂ፣ ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ለዓርብ የሚደርስ የሰርግ ልብስ አለብኝ። ገና እንደገባን መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ሰልማ ከቁልፎቿ ተነስታ የሆነ ነገር አለችኝ። "እሺ" አልኳት። ደገመችው። "እሺ፣ የኔ ቆንጆ።"

ትንሿ እጇ ጉልበቴ ላይ አረፈች።

"አባ፣ ምን አልኩህ?"

አላውቅም። እግሬን ከመርገጫው አነሳሁ። መኪናው ቆመ።

"ምን አልሽኝ?"

"ዛሬ አልጠየቅከኝም። ጆሮዬን አያመኝም አልኩህ።"

ከዚያ በእግሯ ጣት ቆማ ጆሮዬን ነካ አደረገችኝ፣ ልክ እኔ እንደማደርጋት።

"አንተንስ አባ? ያምሃል?"

"አያመኝም" አልኳት። ጣቷን እስክታነሳ ጎንበስ ብዬ ቆየሁ። የሰርጉ ልብስ ይጠብቃል።