መቀስ ይዘው የመጡ ጎረቤቶች

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለላፓ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመሻል? የናፖሊ አየር ተስማማሽ ወይ? ባልሽ ኑቶ ወገቡን ተሻለው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስታችን ዲያማንቴም ደህና ናት። ሞታለች የሚል ወሬ ደርሶሽ እንደሆነ ውሸት ነው። ወሬው እንዴት እንደተነሣ ልንገርሽ፤ ከትናንት ጀምሮ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ቤቷን ለሕመምተኞች እንደከፈተች ታውቂያለሽ። ዛሬ አሥራ አራት ደርሰዋል፤ ደረጃ ላይ የሚተኙ አሉ፤ በአምናው ብርድ ሦስቱ እዚያው ሞቱባት። አጠገቧ ያለውን ባዶ የሱፍ መጋዘን ከተማው ሊሰጣት ፈቅዷል። ግን በሰፈራችን ደንብ ሃያዎቹም አባወራዎች ካልፈረሙ ሕመምተኛ አይገባበትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ለመነቻቸው። ቅድስት ናት እያሉ እጇን ይስማሉ፤ ፊርማ ስትላቸው ግን ሽታውን አንችለውም አሉ። ዳቦ ጋጋሪው ጋኖ ደግሞ፣ “እማማ፣ ዳቦዬ ቁስል ቁስል ከሸተተ ማን ይገዛኛል?” ብሏታል። እኔም ሰዎቹን በየአደባባዩ ስሰድብ ከረምኩ።

ትናንት ጠዋት ቄሱ ለሚሞት ሰው የሚቀባውን የሕሙማን ቅባት ይዘው ወደ ቤቷ ሲገቡ ደወል ደዋዩ አያቸው። የተጠሩት ለአንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ነበር። ደዋዩ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ሮጦ የሞት ደወል ደወለ። ሰፈሩ በሙሉ ለበረከት ከቀሚሷ ሊቆርጥ መቀሱን ይዞ ከተፍ አለ። አስቢው፣ እንባቸው ሳይደርቅ በሯ ላይ በወረፋ ይጣሉ ነበር። እኔ ልከለክላቸው ስጋፋ በሩ ተከፈተ፤ አክስታችን ሽርጧን እንደታጠቀች ወጣች። ግማሹ ተንበረከከ። ጋኖ መቀሱን ከኋላው ደበቀ።

“ምንድን ነው የያዝከው ጋኖ?” አለችው።

“እማማ፣ አርፈዋል ተብለን እኮ ነው።”

“ታዲያ አለመሞቴ አስቀየመህ?”

የቀለም ነካሪው ሚስት ቤልኮሎሬ፣ “ከቀሚስዎ ትንሽ ቅዳጅ ብናገኝ ብለን ነው እንጂ…” ብላ ጀመረች። አክስታችን፣ “ያለኝ ቀሚስ አንድ ነው፣ ለሃያ ቤት አይዳረስም። መቀስ የያዘ ይግባ፤ ለቁስል መጠቅለያ የሚቆረጥ ጨርቅ ውስጥ ሞልቷል” አለቻቸው።

ምን ይበሉ? ገቡ። አብዛኞቹ ያን ደፍ ረግጠውት አያውቁም። በሽተኞቹ መሐል ደረጃው ላይ ተደርድረው ሲቆርጡ ዋሉ። ጋኖ አጠገቡ የተኛውን ሰው ሲያይ በአባቱ ምድጃ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነው። “አገር ለቆ ሄዷል ብለውኝ ነበር” አለ። ሰውዬው፣ “በዚህ እግሬ የት እሄዳለሁ ብለህ ነው?” አለው።

ሮጬ የስምምነቱን ጽሑፍ ከቤቴ አመጣሁ። “ፈርሙ፤ የማትፈርሙም ምክንያታችሁን ለእነዚህ ሰዎች ንገሯቸው” አልኩ። ጋኖ ቀደመ። መጻፍ የማይችለው በፊርማ ፈንታ መስቀል እየሳለ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። “አንድ ጎድሏል፤ ማነው እሱ?” ብዬ ጮህኩ። አክስታችን ከጨርቁ ላይ ቀና ሳትል፣ “አንተ ነህ” አለችኝ።

እውነቷን ነው ላፓ። የውል ጸሐፊ ነኝ፣ የእኔ ፊርማ መጨረሻ ላይ ይደርሳል እያልኩ ሦስት ዓመት ወረቀቱን በሣጥኔ ይዤው ኖርኩ። የመኝታ ቤቴ መስኮት በመጋዘኑ ትይዩ መሆኑን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እዚያው፣ ሁሉም እያየኝ፣ ፈረምኩ።

ዛሬ ማለዳ የመጀመሪያውን በሽተኛ ጋኖ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ይዘን ወደ መጋዘኑ አገባነው። አልጋው ከመስኮቴ ይታያል።

ለኑቶ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። የአማትሽን ጉልበት ስሚልኝ። ቴሲናንና ትንሹን ቬንቱራን በእኔ ስም እቀፊያቸው። አክስታችን ትስምሻለች፤ አሮጌ አንሶላ ካለሽ አትጣይ ብላለች።

ወንድምሽ ቤንቺቬኒ

ሞንቴሴልቮ፣ የቅዱስ ማርቲን በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ 1287 ዓመተ ምሕረት።