አራት መያዣ ያለው ቀበቶ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ሥራው እንዴት ነው? ያ ደረቅ ሳልህስ ለቀቀህ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር፣ ይህን የምጽፍልህ ቆሜ ነው። ልብስ የምተኩስበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ፣ ሁለት መስመር እጽፍና ቤቱን አንድ ጊዜ እዞራለሁ። ስቀመጥ ወገቤን ይቆርጠኛል፤ ስተኛ ደግሞ ግራ እግሬን እስከ አውራ ጣቴ ድረስ ይነዝረኛል። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ጠጥታ ነው እንዳትል።

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ሄድኩልህ። ሐኪሟ ልጅ ናት፣ አጠያየቋ ግን የመርማሪ ፖሊስ ነው። ልብስ ሰፊ መሆኔን ስነግራት ገና ሳልጨርስ ገባት። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ማጎንበስ አንገትና ትከሻን ይጎዳል፣ ሳይነሱ መቀመጥ ወገብን ያደክማል፣ ዕድሜ ሲገፋ መገጣጠሚያ ይሳሳል፣ ሐሳብና እንቅልፍ ማጣትም ጡንቻን ያኮማትራል አለችኝ። ሁሉንም አዎ፣ አዎ አልኩ። ከዚያ የወገቤን የራጅ ፎቶ ወደ መብራቱ አንስታ እያየች፣ ይሄ ሁሉ ብቻውን አከርካሪዎን እንዲህ አያደርገውም፣ ከባድ ነገር ያነሳሉ ወይ አለችኝ።

የጨርቅ ጣቃ አልኳት። በቀን ስንት ጊዜ አለች። ስድስቴም ሰባቴም አልኩ። ስንት ኪሎ ይሆናል ስትለኝ ሳላስበው አመለጠኝና ሃምሳ ስምንት አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሃምሳ ስምንት ኪሎ የሚመዝን ምን ዓይነት ጣቃ ነው፣ በቀን ሰባት ጊዜስ ከየት አንስተው የት ነው የሚያስቀምጡት አለችኝ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ ቤት ልላት ምንም አልቀረኝ። እሷም ከእንግዲህ ብቻዎን እንዳያነሱ፣ እግርዎ ሊከዳዎት ይችላል አለችኝ።

እማዬ ደህና ናት። ምላሷ እንደ ድሮው መቀስ ነው። መርፌ ሲጠፋብኝ የት እንደጣልኩት ከአልጋዋ ሆና ታሳየኛለች። በደወልክ ቁጥር ገበያ ደርሳ መምጣቷን ስትነግርህ እኔ አጠገቧ ሆኜ ጨርቅ እቆርጣለሁ። የላክህላት ጫማ ደርሷል፣ ልኳ ነው። ሶሉን አቧራ እንኳ አልነካውም።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ በመሐላ ይዛኛለች። ለእሱ እንዳትነግሪ፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ እማዬ ትሙት በይ አለችኝ። በገዛ ራሷ አስማለችኝ፣ ብልጠቷን አየህልኝ? እኔም ማልኩ። ስለዚህ የነገሩን ስም አልጠራልህም። ስለ ወገቤ ግን የማልኩት የለም።

ጋሼ፣ ተናድጄብሃለሁ። ሳታውቅ ምን ታደርግ፣ አውቃለሁ። ግን በስልክ እንዴት ነሽ ስትለኝ ደህና እልህና፣ አምነኸኝ ስትዘጋው አንጀቴ ያርራል። አንድ ቀን እንኳ ድምፅሽ ምን ሆነ ብትለኝ ምን ነበረበት? ትናንት ጠዋት ያነሳሁትን ይዤ ወደቅሁ። የተሰበረ ነገር የለም። እንደገና ለማንሳት ግን አቅም አጣሁ፤ ጎረቤታችን አናጺው መጥቶ ነው የደረሰልን። አፉን እንዲይዝ ብዬ ሱሪውን አሳጠርኩለት። ከዚያ ወዲያ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ነገስ? ከነገ ወዲያስ? አናጺው ሥራ ውሎ ይገባል፤ ሱሪዎቹም አንድ ቀን ያልቃሉ።

ዛሬ ከወፍራም ሸራ ቀበቶ ሰፋሁ። ድርብ ነው፣ አራት ጊዜ መልሼ መላልሼ ሰፍቼዋለሁ። ሰው ወገብ ላይ ይታሰርና በጎንና በጎን መያዣ አለው፣ አራት መያዣ። ለእማዬ ስለካላት እጅሽ ሁለት፣ መያዣው አራት፣ ቆጠራ ጠፋሽ እንዴ አለችኝ። ጨርቅ ተርፎኝ ነው አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ፍቺው ግን አላለችም።

እግርህን እንቅፋት አይምታው፣ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ወጥተህ በሰላም ግባ። እማዬ ሳሚልኝ ብላለች።

ታናሽ እህትህ

ሳልረሳው፦ ሁለቱን መያዣ የሰፋሁት በአባባ መዳፍ ልክ ነው፤ እጅህ የእሱ ነው ይባል የለ። ከጠበበህ ስትመጣ አሰፋልሃለሁ።