የሳቂታው መርዶ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

የእህቴ ልጆች በስልክ እያዩት የሚፈነድቁለት ቀልደኛ፣ ሳቂታው የሚሉት፣ ትናንት መኪና ገጭቶት ሞተ። ማታ እህቴ ደውላ፣ «የእድሩን መርዶ የምትናገረው አንተ ነህ፤ ልጆቼ ገና አልሰሙም፤ አንተው አርዳቸው፣ ቁርሳቸውን ከበሉ በኋላ» አለችኝ።

በጠዋት እሪ በከንቱ ሰፈር፣ እህቴ ቤት ወረድኩ። በሩን ሳምሪ ከፈተች። እንደ ወትሮዬ አፍንጫዋን ልቆነጥጥ ስል እጄን ያዘችና ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ። ታናሽ ወንድሟ ናቲ ጎኔ ተለጠፈ።

«አጎቴ፣ ቁርስ በላህ?»

«ምነው፣ ልትጋብዢኝ ነው?»

«የምሬን ነው፣ በልተሃል ወይ?»

«በልቻለሁ።»

«እንግዲህ በርታ» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሳቂታው ሞቷል። አንተም ትወደው ስለነበር ማታ ልንነግርህ አልፈለግንም።»

ለካ እኔ ላረዳቸው ስዘጋጅ እነሱ ሊያረዱኝ ተሰናድተው ኖሯል። መርዶ ስናገር ዕድሜዬን ፈጅቼ፣ ሲነገረኝ ምን እንደሚደረግ ጠፋኝ። ቀልድ ፈለግኩ፤ አንድም አልመጣልኝ።

ናቲ ጓዳ ገብቶ የትምህርት ቤት ጫማውን አድርጎ መጣ።

«ለቅሶው የት ነው? እንሂድ።»

«ቤቱን አላውቀውም፣ ናቲዬ።»

«አንተ እኮ የለቅሶ ቤት ሁሉ ታውቃለህ!»

የሳቂታውን ሰፈር ቀርቶ እውነተኛ ስሙንም አላውቅ። ድንኳኑ የት እንደተተከለ፣ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር፣ ማንን እጠይቃለሁ? ስልኩ ሲከፈት አሁንም እዚያው ውስጥ እየሳቀ ነው።

«አጠያይቃለሁ» አልኩት። የዋሸሁት ይመስለኛል።

ስወጣ ጫማውን አላወለቀም ነበር። ከሰዓት በኋላ እህቴ ደወለች፤ አሁንም አላወለቀም።